«ደኑን ከወደዳችሁት እንጨቱን ከየት ታመጣላችሁ?»

በደብረ ብርሃን ከተማ ከአባቴ፣ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምንሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት አለን። ረከቦት፣ በርጩማ፣ የምግብ ጠረጴዛ፣ ቁም ሳጥን፣ አልፎ አልፎም ለአብያተ ክርስቲያናት አትሮንስ እንሠራለን። በግድግዳው ላይ አባዬ ከወፍ ዋሻ ደን ለቅሞ ያመጣቸው የጽድ ፍሬዎች፣ የደረቀ የኮሶ አበባና ወንድሜ ያነሣው የጉሬዛ ፎቶግራፍ ስላሉ፣ አዲስ ደንበኛ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ዐይኑን እዚያ ላይ ያሳርፍና «እኅቴ፣ ደኑን እንዲህ ከወደዳችሁት እንጨቱን ከየት ታመጣላችሁ?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያለ እፍረት የምንመልሰው መልስ ያገኘነውም ሥራውን ከጀመርን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከቤተሰባቸው ጋር ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁን፣ መልሱ ምን እንዳስከፈለንና ከእንጨቱ ጋር ስንታገል ምን እንደተማርን እዚህ ላይ አሰፍራለሁ።

አባዬ የተወለደው በአንኮበር በኩል ከወፍ ዋሻ ደን ጥግ ነው። ወፍ ዋሻ ከደጋው አፋፍ ጀምሮ በገደላማው ተዳፋት ላይ ቁልቁል የሚወርድ ደን ሲሆን፣ ከላይ አስታው፣ ዝቅ ሲሉ ኮሶው፣ ከዚያም ጽዱና ዝግባው፣ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ እየተቀባበሉ ይታያሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከዚህ ደን አስወስደው በወጨጫ ተራራ ላይ እንዳስተከሉና የመናገሻ ሱባ ደን ከዚያ እንደመጣ ሲነገር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ አባዬ ይህን ታሪክ የሚያነሣው ግን ታሪክ ለማስተማር ሳይሆን «መናገሻን ያበቀለው የእኛ መንደር ነው» ብሎ ለመኩራራት ነው። ከብት ሲጠብቅ ያደገው እዚያ ነው፤ አናጢነቱን የተማረው ዘግይቶ ወደ ከተማ ከገባ በኋላ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔንና ወንድሜን ይዞን ወደዚያ ሲወርድ የዛፍ ስም ብቻ አያስጠናንም ነበር። ቅርፊቱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ጽድ ፊት ያቆመንና «ይህን ብትሰነጥቁት ጣውላው እንዲሁ ይጠማዘዛል» ይለናል። ገደል ላይ ዘንበል ብሎ የበቀለውን ያሳየንና ክብደቱን ሲሸከም የኖረው የታችኛው ጎን ጣውላ ከሆነ በኋላም እንደሚለምጥ ይነግረናል። ይህን ሁሉ የምንሰማው ለጨዋታ ነበር። ዛሬ ግንድ ለመግዛት ስሄድ መጀመሪያ የማየው ግን የቅርፊቱን መስመር ነው፤ ጀማሪ ገዢ የግንዱን ውፍረት ብቻ ለክቶ ገንዘቡን ሲከፍል ባየሁ ቁጥር አባዬ ትዝ ይለኛል።

ሥራ ቤቱን ስንከፍት ፈተናው ወዲያው ደጃችን ድረስ መጣ። ማታ ማታ በአህያ የተጫነ የኮሶና የጽድ ጣውላ የሚያቀርቡ ሰዎች ነበሩ፤ ዋጋቸው ከሕጋዊው ገበያ በግማሽ ይቀንሳል። አባዬ ገና ከበሩ ይመልሳቸው ነበር። አንድ ጊዜ ግን እርሱ ለሕክምና አዲስ አበባ በሄደበት ሳምንት፣ እኔና ወንድሜ የተጣደፈ ትእዛዝ ነበረብንና ስድስት የኮሶ ጣውላ ገዛን። አባዬ ሲመለስ እጁን ጣውላው ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ፤ አልተቆጣም፤ «የሸጠላችሁ ሰው ሌላ ጊዜ ብትፈልጉት ታገኙታላችሁ?» ብቻ አለን። አናገኘውም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የሠራነው መደርደሪያ ወገቡ ጎብጦ መሳቢያው አልከፈት ሲል፣ በሕሊናችን ወቀሳ ላይ ኪሳራው ተጨመረበት። ያን ጊዜ የገባንን ነገር ለጀማሪ ሁሉ እናገራለሁ፦ የተሰረቀ እንጨት ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ሳይፈቀድለት የቆረጠ ሰው ጣውላውን አንድ ዓመት ደርድሮ ሊያደርቅ አይችልም፤ ቆርጦ በሳምንቱ ማስወገድ አለበት። ስለዚህ ሕጉን ለማክበር ግድ የሌለው ሰው እንኳ ለሥራው ጥራት ሲል ሊሸሸው ይገባል።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ አልልም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠቅሶ ከደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ከመንግሥት ደን ጎን የግል፣ የማኅበርና የማኅበረሰብ ደንን ያውቃል፤ ለእኛ ለእንጨት ሠራተኞች ትልቁ ጥቅሙም ይህ ነው፤ ገበሬው በማሳው የተከለውን ዛፍ በባለቤትነት ሊሸጥልን ይችላል። እንጨት ስትገዙ ከቀበሌ የባለቤትነት ማረጋገጫውን፣ ከወረዳ ደግሞ የማጓጓዣ ፈቃዱን ሳትይዙ መኪና አትጫኑ። ወረቀቱን ለማግኘት አንዳንድ ጊዜ ሦስት ቀን መመላለስ እንዳለበት፣ ፈራሚው ለስብሰባ ወጥቶ እንደሚጠብቃችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ደጅ ጠንቻለሁ። ያም ሆኖ በኬላ ላይ ከመወረስ ይሻላል።

ታዲያ እንጨታችን ከየት ይመጣል? አብዛኛው ገበሬዎች በማሳቸው ዳር የተከሉት ፈረንጅ ጽድ ነው። ዘሩ ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ቢሆንም ደጋችንን ለምዷል፤ ቀለል ያለ፣ ለመላጊያ የሚመች እንጨት ነው፤ ጉድለቱ ጉጡ መብዛቱ ነው። ዋንዛ በእኛ ብርድ አይሆንም፤ ስለዚህ ከደብረ ሲና በታች ካለው ወይና ደጋ፣ ከእርሻ መካከል አርጅቶ ከሚነሣው ላይ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ግንድ እንገዛለን። ዋንዛ ስትገዙ ልቡንና ዳሩን ለዩ፤ ቡናማው ልብ ምስጥ የሚደፍረው አይደለም፤ ነጣ ያለው ዳር ግን ነቀዝ ይወደዋል፤ ለዋጋ ብሎ ሁለቱን አደባልቆ የሠራ ሰው በሁለተኛው ዓመት ከወንበሩ ሥር ዱቄት ሲረግፍ ያያል። ባሕር ዛፍ ከተማችንን ከቦ ቆሞ ሳለ ለምን አትጠቀሙበትም የሚሉን አሉ፤ ሞክረናል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጠማዘዛል። ሌላ ቦታ የሚያሸንፉት ባለሙያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኛ ግን አላሸነፍነውም።

ከሁሉ የምወደው ሦስተኛውን ምንጭ ነው፤ ከሚፈርሱ አሮጌ ቤቶች የሚወጣውን የሐበሻ ጽድ። የቀድሞ ሰዎች ምስጥና ብስባሽ የማይደፍረው መሆኑን ስለሚያውቁ ለምሰሶና ለማገር ጽድ ይመርጡ ነበር፤ እነዚያ ቤቶች ፈርሰው በብሎኬት ሲተኩ ምሰሶው ብዙ ጊዜ ለማገዶ ይሸጣል። የመጀመሪያውን የገዛነው አንዲት እናት ለድግስ ሊያስፈልጡት ሲሉ ነው። በጭስ የጠቆረ፣ መጥረቢያ የጠረበው ጠባሳ ያለበት፣ ከሩቅ ሲያዩት ከሰል የሚመስል እንጨት ነበር። አባዬ በመላጊያ አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርገው ከጥቁሩ ሥር ቀይ እንጨት ብቅ አለና የጽዱ ሽታ ሥራ ቤቱን ሞላው፤ እማዬ ከጓዳ «ምን አጠናችሁ?» ብላ ወጣች። እንዲህ ያለው እንጨት ስንት ዘመን ጣሪያ ሥር የደረቀ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ብዙም አይለምጥም፣ ብዙም አይኮማተርም፤ ለአናጢ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ሆኖም አደጋ አለው። በሁለተኛው ምሰሶ ላይ ክብ መጋዛችን በእንጨቱ ውስጥ የተቀበረ አሮጌ ምስማር አግኝቶ ጥርሱን አረገፈ፤ አንዱ ጥርስ በወንድሜ ጆሮ አጠገብ አልፎ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አሮጌ እንጨት ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት ማግኔት በክር አንጠልጥለን ከዳር እስከ ዳር እናስሰዋለን፤ ክሩ ዘንበል ባለበት ቦታ በጠመኔ ምልክት እናደርጋለን፤ ምስማሩን በመሮ ፈልፍለን እናወጣለን። ይህ ለአንድ ምሰሶ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ጊዜውን በዋጋው ውስጥ ያላሰላ ሰው ይከስራል። የመነጽሩን ነገር መናገር አያስፈልገኝም። ብዙ ሠራተኞች ለጥንቃቄ ብለው በሚሽከረከር ማሽን ላይ ጓንት ሲያደርጉ ስለማይ ግን ይህን እጨምራለሁ፦ ጓንት ከመጋዙ ጥርስ አያድንም፤ ይልቁንም ጥርሱ ጨርቁን ይዞ እጅን ይጎትታል። እጅ ባዶውን ይሁን፤ ጣውላውን ወደ ምላጩ የሚገፋው ግን ዱላ ይሁን።

አሁን ብዙ ያስተማረንን ኪሳራ ልንገራችሁ። ለአንድ የድሬዳዋ ቤተሰብ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የምግብ ጠረጴዛ ከፈረንጅ ጽድ ሠርተን በክረምት ላክን። ገበታው በኮላ የተጋጠመ ሲሆን፣ እንዳይለምጥ ብለን ከሥሩ ሦስት ሞራሌ በኮላና በብሎን አግድም አሰርንበት። በጥቅምት ባለቤቱ ደወሉ፤ «ልጄ፣ ጠረጴዛው ሌሊት እንደ ጥይት ጮኸ፤ ቤተሰቡ ሁሉ ተነሣ» አሉኝ። ገበታው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ ነበር። ገንዘባቸውን መለስን፤ የመመለሻ ጭነቱንም ከፈልን።

ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብን። እንጨት ሕይወቱ ካለፈ በኋላም ከአየሩ ጋር እርጥበት ይለዋወጣል፤ እርጥበት ሲያጣ በርዝመቱ ምንም ያህል አይቀንስም፤ በስፋቱ ግን ይኮማተራል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ከሚታዩት የዓመታት ቀለበቶች ጋር ተጠማዝዞ በሚሄደው አቅጣጫ ደግሞ ከልብ ወደ ቅርፊት ከሚሄደው አቅጣጫ እጥፍ ያህል ይኮማተራል። በኋላ የእርጥበት መለኪያ ገዝተን ስናየው፣ በደብረ ብርሃን ክረምት ሥራ ቤታችን ውስጥ ያለው ጣውላ 17 እና 18 በመቶ እርጥበት ይዞ ነበር። ድሬዳዋ ደርሶ ወደ 11 እና 12 ሲወርድ 90 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ መቀነስ ነበረበት፤ እኛ ደግሞ በሦስት ሞራሌ አስረን ከለከልነው፤ መሄጃ ሲያጣ ተሰነጠቀ። ዛሬ ገበታን ከእግሩ ጋር የምናያይዘው ቀዳዳው ሞላላ በሆነ ብረት ነው፤ ብሎኑ ይዞ ሳለ እንጨቱ በውስጡ ይንቀሳቀሳል። የቁም ሳጥን በር ስንሠራም የመካከለኛውን ሰሌዳ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ያለ ኮላ እናስገባዋለን። ሰሌዳው ሲነካ ኮሽ ይላል ብሎ ኮላ የሚያጎርሰው ጀማሪ ብዙ ነው፤ ኮሽታው ደኅንነቱ መሆኑን ሳይነግሩት አያውቅም።

ስለ ማድረቅ የሚጠይቁን ሁሉ ማድረቂያ ምድጃ ስንት እንደሚያወጣ ነው የሚጠይቁት። እኛ የለንም። ግንዱ እንደተሰነጠቀ የጣውላውን ሁለት ጫፍ አሮጌ የዘይት ቀለም እንቀባዋለን፤ ውሃ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ስለሚወጣ ሳይቀባ ከቀረ ጫፉ ይሰነጠቃል። ከመሬት በጉልበት ከፍታ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ በማያገኘው ነገር ግን ነፋስ በሚያልፍበት ዳስ ሥር እንደረድረዋለን፤ በየረድፉ መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር እናስገባለን፤ መስመሩ ከተዛባ ጣውላው በዚያው ቅርጽ ጎብጦ ይደርቃል። ከላይ ድንጋይ እንጭንበታለን። በሙያው ዘንድ ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይባላል፤ በእኛ ነፋስ በመስከረም የተደረደረው እስከ ግንቦት ይደርሳል፤ 5 ሴንቲ ሜትሩ ግን ሁለት በጋ ይጠይቃል። መለኪያውን መግዛት የማይችል ሰው ከክምሩ አንድ ቁራጭ ይምረጥና በየሳምንቱ በሽንኩርት ሚዛን ይመዝነው፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። እማዬ እስከ ዛሬ የምትተማመነው በመለኪያው ሳይሆን በዚህ ነው።

ማለስለሻና ቅብ ላይ ረጅም ወሬ የለኝም፤ የተልባ ዘይትን ግን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ለረከቦትና ለበርጩማ ቫርኒሽ ትተን የተልባ ዘይትና ሰም እንጠቀማለን፤ ትኩስ ሲኒ ቫርኒሽን ያነጣዋል፤ ዘይት የጠጣን እንጨት ግን ባለቤቱ ራሱ በዓመት አንዴ በጨርቅ ሊያድሰው ይችላል። አራት እጅ ዘይት ለአንድ እጅ ሰም እንመዝናለን፤ ዕቃውን በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጠን እናቀልጣለን እንጂ እሳት ላይ አንጥድም። ስስ አድርገን ቀብተን ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን መጥረግ፣ ከዚያም ቢያንስ አንድ ሳምንት መታገሥ ነው። የጠረግንበት ጨርቅ ግን ቤታችንን ሊያሳጣን ነበር። ወንድሜ አንድ ምሽት ጨርቆቹን ጨብጦ ሰጋቱራ በሞላበት ጆንያ ውስጥ ወረወራቸው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፤ ጨርቁ ተጨማድዶ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። እማዬ ለኪዳን ስትነሣ ጭስ ሸተታትና ደረሰችበት፤ ጆንያው ውስጡ ፍም ሆኖ ነበር። አሁን ጨርቁን አጥር ላይ ዘርግተን እናደርቃለን፤ ወይም ክዳን ባለው የውሃ ባልዲ ውስጥ እናስቀምጣለን።

በቤተሰብ መሥራትን በተመለከተ የምመክረው ነገር አንድ ነው፤ ለሁሉም ደመወዝ ቁረጡ። እኛ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሳጥኑ እንደፈለግን እናነሣ ነበር፤ ማንም አልሰረቀም፤ ነገር ግን ማንም የረከቦቱን እውነተኛ ዋጋ አያውቅም ነበር። እማዬ አንድ ደብተር ገዝታ የሁላችንንም የሥራ ቀን መጻፍ ስትጀምር፣ ለሁለት ዓመት በደስታ ስንሸጠው የኖርነው በርጩማ የአባዬ ጉልበት ሲታሰብ በኪሳራ የሚሸጥ ሆኖ ተገኘ። ከተገዛው ግንድ ግማሹ እንኳ ጣውላ ሆኖ እንደማይወጣ፣ ከጣውላውም ላይ ጉጥና ስንጥቅ ሲነሣ እንደገና እንደሚቀንስ ያወቅነው ከዚያ ደብተር ነው። ዋጋ ጨመርን፤ የተወሰኑ ደንበኞች ሄዱ፤ አባዬም ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ገንዘብ በኪሱ ሆነና በመጀመሪያው ወር ችግኝ ገዛበት።

የደንበኛውን ጥያቄ ስመልስ ብዙ ጊዜ የማሳየው በዳሱ ሥር ያለውን አንድ ክምር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የገጠር ደብር ቅጥር ውስጥ የነበረ ትልቅ ጽድ በክረምት ነፋስ ወደቀ። ሰበካ ጉባኤው ለማገዶ ሊያስፈልጠው ሲል መሪጌታው አባዬን አስጠሩት፤ ግማሹን ለድካማችን ወስደን በቀረው አትሮንስና የዕቃ ቤት በር እንድንሠራላቸው ተስማማን፤ የደብሩን ደብዳቤ ይዘን የወረዳውን ፈቃድ አወጣን። መኪና ስለማይደርስ እዚያው በሁለት ሰው መጋዝ ስንሰነጥቀው ውስጡ፣ በብዙ አሮጌ ጽዶች እንደሚያጋጥመው፣ በስብሶ ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ካሰብነው ሲሶው ብቻ ቀረ። አባዬ ድርሻችንን ትቶ የቀረውን ሁሉ ለደብሩ አደረገው፤ ወንድሜ እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም፤ እኔም በልቤ ከእርሱ ጋር ነኝ። ጣውላው 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አለው፤ ጫፉ ላይ አባዬ የደረደረበትን ቀን በጠመኔ ጽፎበታል። መሪጌታው ለገበያ ሲመጡ ሳይገቡ አያልፉም። ክምሩን በመቋሚያቸው መታ መታ አድርገው «አሁንስ?» ይላሉ። እማዬ ቁራጩን ከሚዛኑ ላይ አንሥታ ደብተሯን ታያለች።

«የኔታ፣ ካለፈው ሳምንት 20 ግራም ቀንሷል፤ ገና ነው።»